ቀይ ስለሚቀባው ድልድይ፣ ለጓድ አንዳርጋቸው

ኢትዮጵያ ትቅደም!

ከሸንበቆ ወንዝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የግድግዳ ጋዜጣ
ሚያዝያ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አንዳርጋቸው ምህረቴ፣
የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ፣ የኤግዚቢሽን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የድልድይ ምረቃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ እንዲሁም እኔ ያልደረስሁባቸው የሌሎች ኮሚቴዎች ሁሉ አባል

ክቡር ጓድ ሆይ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ድምፅዎ፣ የካኪ ኮትዎ፣ ከደረት ኪስዎ የማትለየዋ ባለ ሁለት ቀለም እስክሪብቶዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? ጤናዎን ለማን ጸልዬ እንደማስጠብቅልዎ ባለፈው የውይይት ክበብ ስላልተወሰነ፣ በደፈናው ጤና ይስጥልኝ ብዬ አልፋለሁ። ስለ እኛ ከጠየቁ ደኅና ነን፤ እስከ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ድረስ ደኅና ነን። ከዚያ ቀን ረፋድ በኋላ የአርባ ልጆች ደኅንነት በእርስዎ ድልድይ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ይህን እያሰብሁ እህል አልወርድ ብሎኝ ነው የምጽፍልዎ።

ደብዳቤዬን በፖስታ ከመላክ ይልቅ በዚህ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ሰሌዳውን ያቋቋሙት እርስዎ ነዎት። በኅዳር ወር መጥተው ሲመርቁት፣ ሂስ ያለው ሰው ሳይሸማቀቅ እዚህ ይለጥፍ፣ ሂስ የሚፈራ አድኃሪ ነው ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰሌዳው ላይ እርስዎን የሚያወድሱ አራት ግጥሞችና የአንዲት የጠፋች በግ ማስታወቂያ ተለጥፈዋል፤ በጓ ተገኝታለች፣ ሂሱ ግን እስካሁን አልተገኘም። እኔም ስለ ድልድዩ የጻፍኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች አንዳቸውም መልስ ስላላመጡልኝ፣ የሰሌዳዎን ጉድለት በትንሹ ልሙላ ብዬ ተነሥቻለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ የአራተኛ ክፍል መምህርት ሽቱ ነጋ ነኝ፤ በሪፖርትዎ ውስጥ ‹ተከራካሪዋ መምህርት› ተብዬ የተጠቀስሁት። አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ የእጅ ሥራ ትምህርት አለኝ። የወረደልንን መመሪያ ብከተል ኖሮ፣ ትራክተር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሠላሳ ስምንት ልጆች ሠላሳ ስምንት አንድ ዓይነት የጭቃ ትራክተሮች ሠርተው፣ አንድ ዓይነት ማርክ አግኝተው፣ ትራክተሮቹም በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ጭቃነታቸው ተመልሰው፣ ሁላችንም በሰላም በኖርን ነበር። ኃጢአቴ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በመስከረም ጭቃውን ትቼ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አምስት ትእዛዞች ጻፍሁ፤ ጠይቅ፤ አስብ፤ ንደፍ፤ ሠርተህ ስበር፤ አሻሽለህ ድገም። መሐንዲስ የሚባለው ሰው የሚሠራው ይህንኑ ነው፣ እናንተን የሚበልጣችሁ ክራቫት በማሰሩ ብቻ ነው አልኋቸው። ልጆች ናቸውና አመኑኝ።

መጀመሪያ የጠየቀችው እቴናት የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ጥያቄዋም፣ ታናሽ እህቴ ማናየሽ ዝናብ ሲመጣ ለምን ከትምህርት ቤት ትቀራለች የሚል ነበር። መልሱን አገር ያውቀዋል። መንደራቸው ከሸንበቆ ወንዝ ማዶ ነው፤ ወንዙም ከሰኔ እስከ ጥቅምት የአንደኛ ክፍል ልጅ አያሻግርም። ማናየሽ አንደኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ አቋርጣለች፤ ዘንድሮ ሦስተኛዋ ነው። ባለፈው ሰኔ እቴናት አዝላት ልትሻገር ሞክራ ሁለቱም ሊወሰዱ ምንም አልቀራቸውም ነበር። እኛ አዋቂዎቹ ይህን ሁሉ እናውቃለን፤ ጠይቀነው ግን አናውቅም። በዚያ ቀን አንዲት ልጅ በተቀደደ ደብተሯ ላይ ጻፈችውና የክፍላችን የዓመቱ ሥራ ሆነ።

ነገሩን እንዳላስረዝምብዎ እፈራለሁ፤ ግን እርስዎ የመጡት ከመጨረሻው ላይ ስለነበር መጀመሪያውን ማወቅ ይገባዎታል። ልጆቹ ወንዙን በገመድ ለኩት፤ ከዳር እስከ ዳር አሥራ አራት እርምጃ፣ ከአፋፉ እስከ ድንጋዩ የሦስት ሰው ቁመት ሆነ። ከኮሶበር ገበያ ቀርከሃ እያመጡ ቤትና አጥር የሚሠሩት አቶ ቢሻው ሁለት ቀን መጥተው፣ የትኛው ቀርከሃ ሰው እንደሚችልና የትኛው ለዶሮ ቤት ብቻ እንደሚሆን አሳዩን። ሁለት ዴስኮች አራርቀን ወንዝ አደረግናቸውና በላያቸው ትንንሽ ድልድዮች መሥራት ጀመርን። ከማዶ የሚመጡት ልጆች አርባ ናቸው፤ ደወል ሲደወል ደግሞ ሁሉም በአንዴ እንደሚሮጡ ልጆቹ ራሳቸው መሰከሩ። ስለዚህ አርባ ጠጠር ድንጋዮች ተለቀሙ፤ አንዱ ድንጋይ አንድ ልጅ ነው። አርባውን የተሸከመ ድልድይ አለፈ ልንል ስንል እቴናት እጇን አውጥታ «ፈረስስ?» አለች። በእኛ አገር ለቅሶም ሠርግም በፈረስ ነው፤ ፈረስ የማያሻግር ድልድይ ለዚህ ሕዝብ ግማሽ ድልድይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአርባዎቹ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ድንጋይ ተጨምሮ ‹ፈረስ› ተብሎ ተሰየመ፤ ፈረስ ያልወጣበት ድልድይ ማርክ አያገኝም።

ስድስት ድልድዮች ወደቁ፣ ሰባተኛው ቆመ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ አንድ የክፍላችንን ልማድ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ፤ የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህች ልማድ ነውና። ልጆች በቀይ እስክሪብቶ የታረመባቸውን ደብተር ከብብታቸው ሥር እየደበቁ ሲሄዱ ማየት ያሳዝነኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም አመጣሁና፣ የወደቀ ድልድይ ሁሉ ተጠግኖ ቅርፁ እንዲታይ ከተደረገ በኋላ ቀይ እየተቀባ በግድግዳው ላይ እንዲሰቀል፣ ከሥሩም የወደቀበት ምክንያት እንዲጻፍ አደረግሁ። ቀይ ማለት በእኛ ክፍል ‹እዚህ ወድቀናል፣ ተጠንቀቁ› ማለት ነው። ያለፈውን ግን አንቀባውም፤ ያለፈ ነገር ጌጥ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ፣ እርስዎ በተራ ቁጥር ያልመጣ ነገር እንደማያነቡ ስለማውቅ።

አንደኛ፤ በጥር ወር እኔ ጠመኔ ላመጣ ዳንግላ በወረድሁበት ቀን ትምህርት ቤታችንን በመጎብኘትዎ አመሰግናለሁ። ለኤግዚቢሽኑ የሚሄድ ሥራ ፍለጋ ወደ ክፍሌ ገብተው ሰባቱንም ድልድዮች አዩ። ሰባተኛውን፣ ያ በጠፍር የታሰረውን፣ ከሥሩ ከሁለቱም አፋፍ ዘንበል ብለው የሚደግፉት እንጨቶች ያሉትን፣ አርባ ልጅና ፈረስ የተሸከመውን ‹የዶሮ ቆጥ› አሉት። ከዚያም ከግድግዳው ላይ ሁለተኛውን አወረዱ፤ ቀጥ ያለ፣ በሚስማር የተመታ፣ ደግሞም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ የሆነውን። ቀይ ነገር አይተው ማለፍ እንደማይሆንልዎ አገር ያውቃል። እቴናት ከመቀመጫዋ ተነሥታ «ጓድ፣ እሱ እኮ የወደቀው ነው» ብትልዎ፣ «ቀይ የተቀባ አይወድቅም፤ ቁጭ በይ» አሏት። ከሥሩ የተለጠፈችውን ወረቀት ‹ወደቀ፤ ምክንያት፦ ሚስማርና ከሥሩ ድጋፍ ማጣት፤ በአሥራ ስምንተኛው ድንጋይ› የምትለዋን ቀድደው ኪስዎ ከተቱ። ያቺን ወረቀት የጻፈችው ሕፃን ፊደሏ እንዲያምር ብላ ሦስት ጊዜ ገልብጣት ነበር። ካልጣሏት ቢመልሱልን ደስ ይለናል።

ሁለተኛ፤ በዚያው ቀን ስለ እኔ ስለጻፉት ሪፖርት አመሰግናለሁ። መምህርቷ ሕፃናትን ንብረት መስበር ታስተምራለች ብለዋል። እውነት ነው፤ በዴስክ ላይ የሚሰበር ከወንዝ ላይ አይሰበርም ብዬ ነው። ተማሪዎቹ በትምህርት ሰዓት በአገውኛ ሲከራከሩ ተደምጠዋል ተብሎም ተጽፏል። ይህም እውነት ነው። ልጅ ሲጨነቅ በእናቱ አፍ ያስባል፤ አስበው የጨረሱትን በአማርኛ ጽፈውታል፣ በአማርኛ የጻፉትን ደግሞ እርስዎ ቀድደውታል። ከሁለቱ ቋንቋዎች በየትኛው ቢነገርዎ ይሰሙ እንደነበር ቢያሳውቁኝ ለሚቀጥለው ዓመት እቅዴ ይረዳኝ ነበር።

ሦስተኛ፤ ቀዩ ድልድይ በኤግዚቢሽኑ አንደኛ ወጥቶ ስለተሸለመ እንኳን ደስ ያለዎት፤ የምስክር ወረቀቱ በእርስዎ ስም ነውና። በዚያ መድረክ ላይ ሕፃናቱ ያለ አንዳች ስህተት በአንድ ጊዜ የሠሩት ነው ብለው መናገርዎን ሰምቻለሁ። ልጆቼም ሰምተዋል። በማግሥቱ ክፍል ስገባ እቴናት «እትዬ፣ ያሸነፈው የወደቀው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከመስከረም ጀምሬ በትዕግሥት የካብሁት በአንድ ጭብጨባ ሲፈርስ አየሁና ወደ ሰሌዳው ዞሬ አለቀስሁ፤ ልጆቹ ጠመኔ ዓይኔ ውስጥ የገባ መሰላቸው። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ተናድጄብዎታለሁ፣ አሁንም እንደተናደድሁ ነኝ።

አራተኛ፤ ሽልማቱ ሳይቀዘቅዝ ድልድዩ በእውነተኛው ወንዝ ላይ ይሠራ ብለው ስላዘዙ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ድልድይማ የለመንነው ነው። የገበሬ ማህበሩ አባላት በመጋቢት ሥራቸውን ትተው በዘመቻ ወጡ። እርስዎም ቀዩን ሞዴል ከፊታቸው አቁመው፣ አንዲት ክር እንዳትዛነፍ ብለው አስጠነቀቁ። አልተዛነፈችምም። በሞዴሉ ላይ የቀኙ መደገፊያ ከግራው ያጠረው ባዬ የሚባለው ተማሪዬ ቀርከሃ ስላለቀበት ነው፤ በወንዙ ላይ ያለውም ድልድይ እነሆ የቀኝ መደገፊያው አጭር ነው። እንዲህ ያለ ታማኝነት ይጠፋል እንዴ! የባዬ ስህተት በአሥራ አራት እርምጃ ርዝመት ተባዝቶ ቆሟል፤ ልጁ ባየው ቁጥር ያፍራል፣ እኔ ግን ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው ነው እላለሁ። አቶ ቢሻው በዕድሜያቸው ተማምነው «ጓድ፣ ቀርከሃ ይታሰራል እንጂ አይቸነከርም፤ ሚስማር ከገባበት ጀምሮ እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ይኼ ደግሞ ለጋ ነው፤ ሦስት ክረምት ያላየ ቀርከሃ ሰው አይሸከምም» ቢሉዎ፣ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው ብለው ከሥራው አስወጧቸው። አቶ ቢሻው የሠሩት ቤት አርባ ዓመት ቆሟል። የእርስዎን ዕድሜ ለማየት ግን እንጓጓለን፤ የድልድይዎን ማለቴ ነው።

አምስተኛ፤ ድልድዩ መጋቢት መጨረሻ ላይ አልቆ ሳለ፣ የክብር እንግዳው ሳይሻገሩት ማንም እንዳይረግጠው ብለው በትምህርት ቤቱ በኩል ሪባን አሳስረው ዘበኛ አቁመዋል። ልጆቹ እስከ ዛሬ ከድልድዩ ሥር ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ ይሻገራሉ፣ ቀና እያሉም ያዩታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ከልቤ ግን ለዚህ ሪባን ባለ ውለታ ነኝ። ከሠሩት ሥራ ሁሉ እስካሁን የሰው ሕይወት ያዳነ እሱ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፤ የሚያዝያ ሃያ ሦስትን የምረቃ ፕሮግራም ደርሶኝ አነበብሁት። በተራ ቁጥር ሦስት ላይ እርስዎ በተሸለመ ፈረስ ተቀምጠው ሪባኑን ቆርጠው ይሻገራሉ። በተራ ቁጥር አራት ላይ ከማዶ የሚመጡት አርባ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ እግራቸውን እኩል እየመቱ ተከትለውዎት ይገባሉ፤ ከድልድዩ መካከል ሲደርሱም ሁላችሁም ቆማችሁ መዝሙር ይዘመራል፣ ፎቶ ይነሣል። ማናየሽ ትንሽ ስለሆነች በፎቶ ታምራለች ተብላ በዘጠነኛው ረድፍ አበባ ይዛ እንድትቆም ተመርጣለች። አርባ ልጅና ፈረስ! ልጆቼ በዴስክ ላይ በድንጋይ የፈተኑትን እርስዎ በነፍሳቸው ሊፈትኑት ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ግን ድስቱ ገና አልተጣደም እላለሁ፤ ሦስት ቀን አለ። ስለ እርስዎ መሻገር አስተያየት የለኝም፤ ለራስዎ ያውቃሉ። ፈረሱ ግን ምን በደለ?

ሰባተኛው ቅሬታዬ ከሰኔ በኋላ ስለታዘዘብኝ ዝውውር ስለነበር ትቼዋለሁ። የሚሄደው አንድ ሰው ነው፤ ስድስተኛው ስለ አርባ ሰው ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጆቹን ወደዚያ ድልድይ አያስገቡብኝ። ሰልፉ በሜዳው ላይ ይሁን፤ መዝሙሩን በሜዳው ይዘምሩ፤ ሽልማቱም፣ ፎቶውም፣ የምስክር ወረቀቱም ለእርስዎ ይሁን። ልጆቹን ብቻ ይተዉልኝ። የድልድዩን ጥንካሬ ከተጠራጠርሽ አሳዪኝ የሚሉ ከሆነ ደግሞ፣ ነገ ሚያዝያ ሃያ አንድ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ወንዙ ይምጡ። እርስዎ ባሉበት እንፈትነዋለን። በእያንዳንዱ ልጅ ክብደት ልክ አሸዋ የተሞሉ አርባ የማዳበሪያ ከረጢቶች አዘጋጅተናል፤ ልጆቹ አንድ በአንድ በወፍጮ ቤቱ ሚዛን ተመዝነዋል፣ በየከረጢቱም ላይ የየልጁ ስም በጠመኔ ተጽፏል። ድልድዩ አርባውን ከቻለ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይቅርታ ጠይቄ፣ በምረቃው ዕለት የፈረስዎን ልጓም ይዤ እሻገራለሁ። ይህን የምለው ለማላገጥ አይደለም፤ ብሳሳት እንዴት ደስ ባለኝ!

ድልድይዎ እስከሚሰነጠቅ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ በትጋት የማይለይዎ፣ ከተቆጣጠሯቸው መምህራን ሁሉ የሪፖርትዎን ወረቀት ይበልጥ ያስጨረሰችው፣ ዘወትር ተከራካሪዎ፣

መምህርት ሽቱ ነጋ
የአራተኛ ክፍል ኃላፊ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ሚያዝያ 21 ቀን፣ ከቀትር በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል።

ክቡር ጓድ፣ ይህን ከትላንቱ ወረቀት ሥር የምለጥፈው ሰሌዳው ሳይነቀል እንዲደርስ በችኮላ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጠበቅንዎት። የመጣው መልእክተኛዎ ነበር፤ ስብሰባ እንዳለብዎና ደብዳቤው በአስቸኳይ ከሰሌዳው እንዲነሣ ማዘዝዎን ነገረን። ሂስ የማይወድ ማን እንደሆነ የነገሩን እርስዎ ስለሆኑ አልተከራከርሁትም፤ ወደ ሥራችን ገባን።

ሪባኑ የታሰረው በትምህርት ቤቱ በኩል ብቻ ስለሆነ ከማዶ በኩል ገባን። ልጆቹን ከአፋፉ ርቀው እንዲቆሙ አደረግሁ፤ ሥራቸው መቁጠር ብቻ ነበር። ከረጢቶቹን በረጅም ቀርከሃ እየገፋሁ በሰልፉ ቅደም ተከተል የደረደርኋቸው እኔ ነኝ፤ አሻጥር ተብሎ የሚከሰስ ሰው ካስፈለገ ስሜ ከላይ ተጽፏል። ዘበኛው ምንም አላየም፤ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ነበር፤ ሁለቱ ልጆቹ ከአርባዎቹ ውስጥ መሆናቸው አጋጣሚ ነው።

በአሥረኛው ከረጢት ሚስማሮቹ መጮኽ ጀመሩ። በአሥራ አምስተኛው መካከሉ ጎበጠ። በአሥራ ሰባተኛው ወደቀ። ፈረሱ ጋ አልደረስንም። ሁለተኛው ሞዴላችን በዴስክ ላይ የወደቀው በአሥራ ስምንተኛው ድንጋይ ነበርና ስሌታችን በአንድ ልጅ ተሳስቷል፤ ይህንንም በግለ ሂስ ተቀብለናል።

አሥራ ሰባተኛው ከረጢት ማናየሽ የሚል ተጽፎበት ነበር። ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ፈነዳ፣ አሸዋውም በውኃው እየተጎተተ ሄደ። ከልጆቹ አንድም የጨበጨበ የለም። እቴናት እህቷን በእጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛ እስኪያልቅ ድረስ አየችው። ከዚያ ወደ ክፍል ሮጣ የቀይ ቀለሙን ጣሳ ይዛ ተመለሰች። ለምረቃው ድልድዩ እንዲቀባበት ያዘዙት ቀይ ቀለም ገና እንዳልደረሰ ስለምናውቅ አንከልክላት ብለን ተውናት፤ በሁለቱም አፋፍ የቀሩትን ምሰሶዎች እጇ እስከ ደረሰበት ድረስ ቀብታቸዋለች። ከሥራቸውም ምክንያቱን ጽፋለች፣ በአማርኛ፤ የበፊቱ ወረቀት ከኪስዎ ከጠፋ ከዚያ ሊገለብጡት ይችላሉ።

ነገ አቶ ቢሻውና እኛ ሰባተኛውን መሥራት እንጀምራለን፤ የዶሮ ቆጡን። እርስዎ ግን በሃያ ሦስት ከመምጣት አይቅሩ። ሪባኑን አልነካነውም፤ በቀያዮቹ ምሰሶዎች መካከል እንደታሰረ ነው፣ ከበስተኋላው ግን ምንም የለም።